ዘፈንን ከቤቱ መስማት፦ የባልና ሚስት አንድ ቀን በጁጎል

(የከረቡና የከበል ድምፅ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ይሰማል፤ ከዚያ ዝቅ ይላል)

አሁን የሰማችሁት ከሐረር ነው። ጠለቅ ብሎ የሚመታው ከበሮ ከረቡ ይባላል። ከላይ ደረቅ ሆኖ ሳያቋርጥ የሚሄደው ደግሞ ከበል ነው፤ በሁለት እጅ ተይዘው የሚጋጩ ጠፍጣፋ እንጨቶች ናቸው። ሁለቱን ድምፆች በጆሯችሁ ለይታችሁ ያዙልን፤ እየቆየን እንመለስባቸዋለን። የምንጠራቸውን ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ ደግሞ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደሆነ ያዙልን።

የዛሬው ዝግጅታችን የሙዚቃ ቅርስን ስለ መጎብኘት ነው። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች «ካንትሪ» የሚባለውን የባላገር ሙዚቃ የሚወዱ ባልና ሚስቶች መኪናቸውን አስነሥተው የዘፈኑን መነሻ ቦታዎች ሲዞሩ ይውላሉ። ናሽቪል ከተማ ራይማን የሚባለውን አዳራሽ ያያሉ። ይህ አዳራሽ በ1892 ሲከፈት ለጸሎትና ለስብከት ነበር፤ ከ1943 እስከ 1974 ግን «ግራንድ ኦል ኦፕሪ» የተባለው ታዋቂ የሬዲዮ ዝግጅት ከዚያ ይተላለፍ ነበር። ከዚያ ወደ ብሪስቶል ይሻገራሉ። እዚያ በ1927 የካርተር ቤተሰብ የሚባሉት ባላገሮች የመጀመሪያ ሸክላቸውን ቀርጸዋል። የቤተሰቡ አባወራ ኤ. ፒ. ካርተር ሲሆን፣ ሚስቱ ሣራ ደግሞ ዋናዋ ድምፃዊት ነበረች። ሰውየው በየተራራው መንደር እየዞረ፣ የሰው ቤት እያንኳኳ፣ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች የሚያውቁትን ዘፈን ይለቅም ነበር። ይህን ሰውዬ አትርሱት፤ የእኛውን አገር አቻውን ከሰዓት በኋላ ሐረር ውስጥ እናገኘዋለን።

ታዲያ አንድ ባልና ሚስት እንዲህ ያለውን የአንድ ቀን ዙረት እኛ አገር ማድረግ ቢፈልጉ ወዴት ይሂዱ? ጎንደርና ወሎ የአዝማሪው አገር ናቸው፤ ራሳቸውን የቻለ ዝግጅት ይገባቸዋል። ባለቤቴና እኔ ሐረርን የመረጥነው የሐረር ዘፈን አድራሻ ስላለው ነው። የሠርጉ ዘፈን የሚዘፈንበት ቤት፣ የውዳሴው ዜማ የሚዜምበት የቅዱሳን መታሰቢያ፣ በዓሉ የሚደምቅበት በር ተለይቶ ይታወቃል። ዘፈኑን ከቤቱ አውጥተው መድረክ ላይ ቢያቆሙት ግማሹ እንደሚቀር አምናለሁ፤ ዛሬ ለማስረዳት የምሞክረውም ይህንኑ ነው።

ሐረር ከአዲስ አበባ 525 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በአውሮፕላን ወይም በባቡር ድሬዳዋ ለገባ ሰው ቀሪው መንገድ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደንገጎን ወጥቶ፣ ሐረማያን አልፎ ይገባል። ቀኑን ሐሙስ አድርጉት፤ ምክንያቱን ሲመሽ ታውቁታላችሁ።

ጁጎል የሚባለው የሐረር ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተሠራ ነው። ግንቡ የሚያቅፈው ቦታ 48 ሄክታር ብቻ ነው። አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፤ በአማርኛ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር እንላቸዋለን። ሐረሪዎቹ ግን ለእያንዳንዱ በራሳቸው ቋንቋ ሌላ ስም አላቸው። በዚህች ጠባብ ቦታ ውስጥ 82 መስጊዶችና 102 አዋቾች መኖራቸውን ዩኔስኮ ከተማዋን በ2006 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ጠቅሷል። አዋች ማለት የቅዱሳን የመታሰቢያ ቦታ ነው፤ አንዳንዱ መቃብር፣ አንዳንዱ ዛፍ ወይም ድንጋይ፣ አንዳንዱ ጥግ ላይ የተሠራች ትንሽ ነጭ ቤት ነው። ለሙዚቃ ጎብኚ ይህ ቁጥር ትልቅ ትርጉም አለው፤ ምክንያቱም ብዙዎቹ አዋቾች ድምፅ የሚሰማባቸው ቀንና ሌሊት አላቸው።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከፈረስ መጋላ አደባባይ ተነሣን። ከዚያ ወደ ግድር መጋላ የሚወርደው ጠባብ መንገድ መኪና ግርግር ይባላል። ስሙን ያገኘው ግራና ቀኝ ከተደረደሩት የልብስ ሰፊዎች መኪና ጩኸት ነው። ጨርቅ ገዝቶ እዚያው ማሰፋት የቆየ ልማድ ነው። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ጥቂት ብትቆሙ የእግር መኪናዎቹ እየተቀባበሉ ሲሮጡ ትሰማላችሁ። ባለቤቴ ሻሽ ልትገዛ ገብታ ከአንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ጋር ወግ ጀመረች። «ልጄ፣ እኔ እዚህ የተቀመጥኩት አባቴ በተቀመጠበት ነው» አሏት።

ግድር መጋላ፣ ትልቁ ገበያ ማለት ነው፣ ከተማውና ገጠሩ የሚገናኙበት ቦታ ነው። ከዙሪያው ገጠር የሚመጡ የኦሮሞ ሴቶች አትክልትና ፍራፍሬ ዘርግተው ይሸጣሉ፤ ከሐረሪዋ ደንበኛቸው ጋር ዋጋ የሚከራከሩት አንዴ በኦሮምኛ፣ አንዴ በሐረሪ ቋንቋ፣ አንዴ በአማርኛ ነው። የባላገሩን ዘፈን ለማንሣት ትክክለኛው ቦታ እዚህ ነው። የምሥራቅ ሐረርጌ ኦሮሞ ወጣቶች ሸጎዬ የሚባል ጭፈራ አላቸው። ወንዶችና ሴቶች ፊት ለፊት ተሰልፈው፣ ድምፃቸውንና ሰውነታቸውን ብቻ መሣሪያ አድርገው፣ እየተቀባበሉ ይጫወታሉ። አውጪው አንድ ስንኝ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ከዚያ ትከሻና አንገት ሥራውን ይጀምራል። መሣሪያ የማይጠይቅ ዘፈን ስለሆነ እርሻ ላይም ሆነ መንገድ ላይ ሊነሣ ይችላል።

ከዚህ ከሐረርጌ አፈር የወጣውን ትልቁን ድምፃዊ ዓሊ ቢራን ሳያነሡ ግድር መጋላን ማለፍ አይቻልም። ዓሊ ሞሐመድ ሙሳ ድሬዳዋ ውስጥ በ1947 ተወለደ። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አፍራን ቀሎ የሚባለውን የኦሮምኛ ሙዚቃ ቡድን ተቀላቀለ። መድረክ ላይ መጀመሪያ የተጫወተው ዘፈን «ቢራ» በሚል ቃል ይጀምር ስለነበረ ስሙ ከዚያው ቀረ። አፍራን ቀሎ በዘመኑ መንግሥት ጫና ቢበተንም፣ ዓሊ የባላገሩን ዜማ በኡድና በጊታር አድርጎ ለከተማው አደረሰው። በኦሮምኛ ብቻም ሳይወሰን በሐረሪ፣ በአማርኛ፣ በዐረብኛና በሶማልኛ ዘፍኗል። በ2022 እስካረፈበት ጊዜ ድረስ ከስድሳ ዓመት ያላነሰ ዘፍኗል ማለት ነው። ኢትዮፒክስ የሚባለው ስመ ጥር የሲዲ ተከታታይ 28ኛውን ቅጽ ለእርሱ ሰጥቷል። በብዙ ቋንቋ መዝፈኑ ብዙ ሰው ያስደንቃል፤ ግድር መጋላ አንድ ሰዓት ለቆየ ሰው ግን የሚያስደንቅ አይሆንም።

(ሙዚቃ፦ የሐረሪ ሴቶች የሠርግ ዘፈን፣ ለአጭር ጊዜ)

ከገበያው ወጥተን ወደ አንድ የሐረሪ ቤት ገባን። እንዲህ ያለው ባህላዊ ቤት በቋንቋቸው ጌይ ጋር ይባላል። ብዙዎቹ ቤተሰብ የሚኖርባቸው ናቸው፤ አንዳንዶቹ ክፍያ ተቀብለው ያስጎበኛሉ፣ አንዳንዶቹም እንግዳ ያሳድራሉ። ጫማ ወልቆ ይገባል። ዋናው ክፍል ነደባ በሚባሉ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች የተከፋፈለ ነው። ማን የት እንደሚቀመጥ እንደ ዕድሜና እንደ ክብር የተለየ ነው። መደቡና ወለሉ ቀይ ነው፤ ቀለሙ በ1887 በጨለንቆ ጦርነት የወደቁትን ለማስታወስ እንደሆነ ባለቤቶቹ ይናገራሉ። ግድግዳው ላይ በሴቶች እጅ የተሰፉ ሞሰቦችና ሰፌዶች በሥርዓት ተሰቅለዋል።

እማወራዋ ሆጃ አቀረቡልን፤ ከቡና ገለባ የሚፈላ ትኩስ መጠጥ ነው። ከዚያ ባለቤቴን ይዘው ወደ አንዲት ጠባብ ክፍል ወሰዷት። ክርታት ትባላለች፤ የሙሽሮች ክፍል ናት። ሙሽራይቱ ከሠርጉ በኋላ የጫጉላ ጊዜዋን ከሰው ዓይን ርቃ የምታሳልፈው በዚያች ክፍል ነበር። ባለቤቴ «እናቴ፣ ብቻዋን አይጨንቃትም ነበር?» ብላ ጠየቀቻቸው። «ምን ብቻዋን! ሴቱ ሁሉ ውጭ ተቀምጦ እየዘፈነላት» አሉ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የሐረሪ ሠርግ ዘፈን የሴቶች ሀብት ነው። ሴቶቹ በየሰፈራቸው አፎቻ በሚባል ማኅበር የተደራጁ ናቸው፤ ከእድርና ከማኅበር ጋር የሚቀራረብ ነው፤ ለሐዘንም ለደስታም ይሰበሰባሉ። ሠርግ ሲሆን የአፎቻው ሴቶች ነደባው ላይ ይቀመጣሉ፣ አንዷ ከበሮ ትይዛለች፣ አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ስንኞቹ ሙሽራይቱን፣ እናቷን፣ ቤተሰቧን ያወድሳሉ፤ አለፍ ሲልም ይጎሽማሉ። ከድሮ የወረሱትን ስንኝ ከዛሬው ሰው ስም ጋር ያዋድዱታል። አሁን የክፍሉን አሠራር አስቡት፦ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ ደረጃ በደረጃ የተቀመጡ ሴቶች፣ አጠገብ ባለው ክፍል ደግሞ ሰሚዋ ሙሽራ። ዘፈኑ የሚደርሰው በግድግዳ አልፎ ለማትታይ ሰው ነው። ይህን ዘፈን በአዳራሽ መድረክ ላይ አይቼ አውቃለሁ፤ ጥሩ ነበር። ግን ለማን እንደሚዘፈን የገባኝ ክርታቷ ደጃፍ ላይ ቆሜ ነው።

በሙሽራው በኩል ደግሞ ወንዶቹ መውሉድና ዚክሪ ያደርጋሉ። ስለዚህ በአንድ ሠርግ ሁለት ዓይነት ዜማ አለ፤ በአንድ ወገን የሴቶቹ ዘፈን፣ በሌላው ወገን የነቢዩ ውዳሴ። ስለ ዚክሪ ሲመሽ እንመለስበታለን።

ከምሳ በኋላ ወደ ሸሪፍ ሙዚየም ሄድን። ቤቱ ራሱ ታሪክ ነው። በህንዳዊ ነጋዴ የተሠራ፣ የእንጨት ቅርጹ የሚያምር ባለ ፎቅ ቤት ሲሆን፣ የራስ ተፈሪ ቤት በመባል ይታወቃል። ራስ ተፈሪ፣ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ የጫጉላ ጊዜያቸውን ያሳለፉበት እንደሆነ በሰፊው ይነገራል። አስጎብኚው ይህን ሲነግረን ባለቤቴ «ሐረር ውስጥ ያለ ጫጉላ የቆመ ቤት የለም እንዴ?» አለች።

ሙዚየሙን የመሠረቱት አቶ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ ናቸው። መግቢያችን ላይ ላነሣነው ለኤ. ፒ. ካርተር አቻው እሳቸው ናቸው። በግላቸው ተነሥተው፣ በመኖሪያ ቤታቸው ጀምረው፣ የሐረርን ሰው በር እያንኳኩ የእጅ ጽሑፍ፣ ሳንቲም፣ ጌጣጌጥና ልብስ ሰበሰቡ። ለእኛ ዝግጅት ትልቁ ነገር ግን ድምፅ መሰብሰባቸው ነው። የቆዩ የሐረሪ ዘፈኖች የተቀረጹባቸውን የቴፕ ክሮች ለቅመው አስቀመጡ። ክር የሚሰበስብ ሰው ብርቅ ነው። ሳንቲም ሺህ ዓመት ይቆያል፤ ክር ግን ሙቀትና አቧራ ካገኘው በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ይጠፋል። ካርተር የለቀመውን ዘፈን በራሱና በሚስቱ ድምፅ ሲያስቀርጽ የደራሲነት ስሙንም ብዙ ጊዜ ራሱ ይወስድ ነበር። የአቶ አብዱላሂ ሥራ የዘፋኟን ድምፅ ራሱን ማቆየት ነው፤ በዚህ በኩል የእኛው ሰው እንደሚበልጥ አስባለሁ።

የውጭ ምሁራንም በሐረር ቋንቋና ዜማ ላይ ደክመዋል። ኤንሪኮ ቼሩሊ የሐረርን ቋንቋና ታሪክ የሚመለከት መጽሐፍ በ1936 አሳትሟል። በቅርብ ጊዜ ደግሞ ሲሞኔ ታርሲታኒ የተባለ ጣሊያናዊ የሙዚቃ ተመራማሪ የዚክሪን አሠራር በዝርዝር አጥንቷል። ይሁን እንጂ ጥናታቸው ያለው በውጭ ቋንቋ ነው። በሐረሪ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ ተዘጋጅቶ ትምህርት ቤት ቢገባ የሐረር ልጅ ስለ ገዛ ዜማው ከመጽሐፍ የሚያነበው ነገር ባገኘ ነበር።

(የከበል ድምፅ ብቻውን ይሰማል)

አሁን መሽቷል፤ ሐሙስ ነው። አው አባድር ወደሚባለው አዋች እንሂድ። ሸኽ አባድር የከተማዋ አባት ተደርገው የሚከበሩ ቅዱስ ናቸው፤ «አው» ማለትም አባት ማለት ነው። በሐሙስ ሌሊት እዚያ ዚክሪ ይደረጋል። አዋቹን የሚጠብቁት ሰው ሙሪድ ይባላሉ። አስቀድመን አስጎብኚያችንን ልከን ሙሪዱን ፈቃድ ጠየቅን፤ ድምፅ ለመቅረጽም ለብቻው አስፈቀድን። በመግቢያችን የሰማችሁት በዚያ ፈቃድ የተቀዳ ነው። ጫማችንን አውልቀን፣ ባለቤቴ ሻሿን አስተካክላ፣ እኔ ወደ ወንዶቹ እሷ ወደ ሴቶቹ ወገን ተቀመጥን። ዕጣኑ ይጨሳል፣ ቡና ይፈላል፣ ጫት ይቀርባል።

ዚክሪ እንዲህ ነው የሚሠራው። አንድ መሪ ስንኝ ያወጣል። ስንኙ አላህንና ነቢዩን፣ እንዲሁም ቅዱሳኑን የሚያወድስ ነው። ቋንቋው አንዳንዱ ዐረብኛ፣ አንዳንዱ ሐረሪ፣ አንዳንዱ ኦሮምኛ ነው። የተሰበሰበው ሕዝብ አዝማቹን ይቀበላል። ከረቡውን የሚመቱት ጥቂት የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፤ ከበሉን ግን የተቀመጠው ሁሉ ያጋጨዋል። ይህን ልብ በሉት፤ የዚክሪ ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። ከበል ለመማር አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ስለዚህ ተመልካች ሆኖ የሚቀር ሰው የለም። ለእኔም አንድ ጥንድ ሰጡኝ። ዜማው ቀስ ብሎ ይጀምርና ይፈጥናል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ከረቡው ምቱን ይቀያይራል፣ ከበሉ ግን እንደ ሰዓት ቆጣሪ ጸንቶ ይይዘዋል። ከዚያ ዱዓ ይደረጋል፤ ደግሞ ሌላ ዜማ ይነሣል።

የዜማዎቹ ግጥም በቃል ብቻ የተላለፈ አይደለም። ሐረር የእጅ ጽሑፍና የጥራዝ ከተማ ነበረች፤ በሐረሪ ቋንቋ የተደረሱ ውዳሴዎች በዐረብ ፊደል ተጽፈው ከትውልድ ትውልድ ደርሰዋል። መሪው በቃሉ የሚያወጣውን ስንኝ ከሰዓት በኋላ ያየናቸው ዓይነት የእጅ ጽሑፎች ላይ ልታገኙት ትችላላችሁ። ሙዚየሙንና አዋቹን በአንድ ቀን ማየት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ዓመቱን ጠብቆ መሄድ የሚችል ሰው ደግሞ ለሸዋል ዒድ ይሂድ። ሐረሪዎች ከረመዳን በኋላ ስድስት ቀን ተጨማሪ ይጾማሉ፤ ከዚያ ሸዋል ዒድ ይከበራል። ዋናዎቹ የበዓሉ ቦታዎች ሁለት አዋቾች ናቸው፦ ፈላና በር አጠገብ ያለው አው አቅበራና ሸዋ በር አጠገብ ያለው አው ሹሉም አሕመድ። ዚክሪው በከረቡና በከበል ይደምቃል፤ ወጣቱ ወንድና ሴት አምሮበት ይወጣል፤ ድሮ ብዙ ሰው የትዳር ጓደኛውን የሚመርጠውም በዚያ በዓል ነበር። ዩኔስኮ ሸዋል ዒድን የሰው ልጆች የማይዳሰስ ቅርስ አድርጎ የመዘገበው በታኅሣሥ 2023 በቦትስዋና ካሳኔ በተደረገ ጉባኤ ነው። ግንቡ በ2006፣ በዓሉ በ2023 ማለት ነው፤ ድንጋዩ ከተመዘገበ ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የዘገየ ቢሆንም ትልቅ ነገር ነው፤ ቤቱና ዜማው አሁን ሁለቱም በመዝገብ አሉ።

ሐረር የሚሄድ ብዙ ሰው ጅብ የሚመገብበትን ቦታና የፈረንሳዊውን ገጣሚ የአርተር ራምቦን ቤት አይቶ ይመለሳል። ሁለቱም መታየት ያለባቸው ናቸው። ግን አስጎብኚያችሁን በግልጽ «ዘፈን የት ልስማ?» ብላችሁ ጠይቁት። ጥያቄው ከተደጋገመ መልሱን የሚያውቁት የአፎቻ እናቶችና ሙሪዶች ይፈለጋሉ፣ ይከበራሉ።

ከመሰናበታችን በፊት ለሐረሪዎችም ለሌሎቻችሁም አንድ ሥራ እንስጣችሁ። በየቤታችሁ የእናቶቻችሁ ሠርግ የተቀዳበት ካሴት ይኖራል። ከምድጃና ከጣሪያ ሥር አንሡት፤ ክርን የሚገድለው ሙቀትና እርጥበት ነው። ከድምፅ ማጉያ ሣጥን አርቁት፤ ማግኔቱ ድምፁን ያጠፋል። በካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ስበሩ፤ ከዚያ በስሕተት ሌላ ነገር ሊቀዳበት አይችልም። ከማጫወታችሁ በፊት አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው አጠንጥናችሁ መልሱት። ወደ ኮምፒውተር ስትገለብጡት ሳታሳንሱት በሙሉ ጥራቱ ይሁን። ሽፋኑ ላይ የማን ሠርግ እንደሆነ፣ የት ሰፈር፣ በስንት ዓመተ ምሕረት፣ አውጪዋ ማን እንደነበረች ጻፉ፤ ስሟን የምታስታውስ ሴት ዛሬ በሕይወት ካለች ዛሬውኑ ጠይቋት። አንዱን ቅጂ ለቤታችሁ አስቀሩ፣ ሌላውን እንደ ሸሪፍ ሙዚየም ላለ ተቋም ስጡ።

ሳምንት በዚሁ ሰዓት ስለ ወሎ አዝማሪዎች የሚያወሳ ዝግጅት ይዘን እንቀርባለን። ደኅና ዋሉ።

(የከረቡና የከበል ድምፅ ከፍ ይላል፤ ዝግጅቱ ያበቃል)